ፈረንጁ በእግሩ የሄደባት ሰንበት

እኔን ብሎ መንገድ አሰናጅ። ከጓዳዬ ተነስቼ ምንጭ ወርጄ እስክመለስ ሁለት ቦታ የማርፍ፣ ባረፍኩበት ሁሉ ሰው የማማ ሴትዮ፣ የፈረንጅ ጉዞ ላዘጋጅ ተነሳሁ። የጠራኝ የለም። ሳይጠሩት አቤት የሚል ሰው አለ፤ እኔ ደግሞ ሳይጠሩኝ አቤት ብዬ ገብቼ፣ የሰው ድስት ከፍቼ ቀምሼ፣ ጨው አንሶታል ብዬ የምወጣ ነኝ። ያን ጊዜ የልጅ ልጅ ያየሁ አሮጊት ነበርኩ፤ ልጅነት አሳስቷት ነው ብሎ የሚያዝንልኝ እንኳ አልነበረም። ሽማግሌዬ ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር እስከ ዛሬ ጉልበቱን ያሻል።

የንጉሡ ግቢ ገና አንኮበር ላይ ሳለ ነው። ግቢው ከላይ ከጋራው ጫፍ፣ እኛ ከታች ከተዳፋቱ፣ መካከሉን ጉሙ ይዞት ነው የምንኖረው። ያኔ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ከግቢ ባልደረባ ይታዘዝለታል። ባልደረባው ያሳድረዋል፣ ያበላዋል፣ ግቢ ሲጠራው ይዞት ይቀርባል። እንግዳው ደስ ካለው የባልደረባው ሙያ ነው፤ ከከፋው የባልደረባው ጥፋት ነው። የእኔ ሽማግሌ በጎልማሳነቱ ጦር ይዞ ያገለገለ ሰው ነው። ለዚያ አገልግሎቱ ከግቢ የተሰጠችን አንዲት መሬት ነበረችን፤ የምንበላውም የምንጠጣውም ከእሷው ነው። ፈረንጁ ለእኛ የታዘዘ ዕለት እኔ እልል አልኩ፤ እሱ ግን ፊቱ ገረጣ። ምክንያት ነበረው። ከእኛ በፊት የአንዱ ባልደረባ እንግዳ ያለ በቅሎ በእግሩ ሲሄድ ታየና፣ እንግዳዬን እንደ ተሸካሚ አስኬድክብኝ ተብሎ ባልደረባው መሬቱን ተነቀለ። ሰውዬው ዛሬ የሰው መሬት ያርሳል።

የእኛው ፈረንጅ እንግሊዝ ነው። ረጅም፣ ቀይ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው። ሥራው ሣር እየነቀለ በወረቀት መካከል ማስተኛት ነው፤ ለላም የሚበቃ ሣር እንደዚያ ሲጠወልግ አየሁ። ወደ ታች አገር ለመውረድ የግቢ ፈቃድ እየጠበቀ እኛ ዘንድ ከረመ። አማርኛ አይሰማም። ዓረብኛ ይሰማል፤ ከቆላ የመጣ አንድ እስላም ነጋዴ ዓረብኛውን ወደ አማርኛ ይመልስለታል። ይህ አስተርጓሚ ደግ ሰው ነው። እኔን «እሜቴ» እያለ ነው የሚጠራኝ፤ እኔም ለዚሁ ስል እወደዋለሁ።

ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ነበር። ጾም የለም፣ የበልጉ ዝናብ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ እኔ ጥጥ እፈትላለሁ፣ ሽማግሌዬ ልጓም ይጠግናል፣ ፈረንጁ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጉሙን ያያል። ድንገት አስተርጓሚውን ጠርቶ ረጅም ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው መልሶ ጠየቀው። ፈረንጁ ያንኑ ደገመለት። አስተርጓሚው ጢሙን እያሸ ወደ እኛ ዞረ።

«ጌቶች ቅዳሜ መንገድ ሊወጡ ይፈልጋሉ» አለ።

ሽማግሌዬ ወዴት ነው አለ። ወደ ማዶ፣ ከሸለቆው ባሻገር። ማን ዘንድ? ማንም ዘንድ። ለምን ጉዳይ? አስተርጓሚው ይህን ለሦስተኛ ጊዜ ጠይቆት መልሱን ይዞ መጣ።

«ለምንም ነው የሚሉኝ። ለመሄድ ነው የሚሄዱት። እሁድ ደግሞ ይመለሳሉ።»

እንዝርቴ ከእጄ ወደቀ።

አስተርጓሚው ያልገባን በእሱ ጥፋት መስሎት ነው መሰለኝ፣ ፈረንጁን እየጠየቀ አንድ በአንድ ያስረዳን ጀመር። በአገራቸው በእንግሊዝ እንዲህ ያለ ልማድ አለ። ሰው ሳምንቱን ከተማ ውስጥ ሲሠራ ይሰነብትና ቅዳሜ ሲደርስ ዱላውን ይይዛል፣ ዳቦና አይብ በአቁማዳ ይከታል፣ ከቤቱ ይወጣል። ሜዳ ለሜዳ፣ ጫካ ለጫካ ሲሄድ ይውላል። ሲመሽ ከማያውቀው ሰው ቤት ያድራል። እሁድ ተነስቶ ደግሞ ይሄዳል። ከዚያ እዚያው የወጣበት ቤት ይገባል። ቀኑ ሳይደርስ ገና ከሳምንት በፊት ነው አሉ መምከር የሚጀምሩት። በየት ወጥተን በየት እንውረድ፣ ምን እንብላ፣ የት እንደር እያሉ፣ መንገዱን ወረቀት ላይ እየሳሉ፣ ልክ ሠርግ እንደሚደግስ ሰው።

«ምን ይዘው ይመለሳሉ?» አልኩ።

«ምንም።»

ሰው ሞቶባቸው ነው ወይ ብዬ አስጠየቅኩ። አልሞተም። ከብት ጠፍቶባቸው? አልጠፋም። የሚጫኑት አጥተው ነው? ፈረስ አላቸው፤ ቤት ትተውት ነው የሚሄዱት። የሚረግጡት እርሻ ባለቤት የለውም ወይ? አለው፤ መንገድ ይለቅላቸዋል፣ አጥሩም ላይ መወጣጫ ይሠራላቸዋል። እንግዲህ እኔም እዚህ ላይ ዝም አልልም። አጥር ላይ መወጣጫ ከሠሩ መጀመሪያ ለምን አጠሩት ብዬ ጠየቅኩ። አስተርጓሚው ይህን አልተረጎመውም።

ሽማግሌዬን ያስደነገጠው ሌላ ነው። ያ የሚያድሩበት ቤት ላበላቸውና ላጠጣቸው ጠዋት ዋጋ ይቀበላቸዋል አሉ። ሽማግሌዬ ልጓሙን አስቀምጦ አማተበ። የመሸበትን እንግዳ ዋጋ የሚጠይቅ አገር አለ ሲባል ሰምቶ አያውቅም። እኔም አልሰማሁም። ፈረንጁን በሌላ ዓይን አየው ጀመር፤ ልጄ፣ እንዲህ ካለ አገር መጥተህ ብትከሳ አይፈረድብህም አልኩት በልቤ።

ይህ ሁሉ ይሁን። ግን ቅዳሜና እሁድ ሁለቱም ሰንበት ናቸው። እኛ በሰንበት ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ፣ ለቅሶ ካልሆነ፣ የታመመ ለመጠየቅ ካልሆነ ለመንገድ እግራችንን አናነሳም። አምስት ቀን ሙሉ መንገዱ ተዘርግቶለት፣ እሱ መርጦ መርጦ የተከለከሉትን ሁለቱን ያዘ።

ሽማግሌዬ ግን ሰንበቱ አልታየውም። እሱ የሚያየው የፈረንጁን እግር ነው። ቶሎ ብሎ በቅሎዪቱን እለጉምልዎታለሁ አለ። ፈረንጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በትሕትና እንቢ አለ። አሽከሮች ይከተሉዎት። እንቢ። ድንኳን ይያዝልዎት። እንቢ። ስንቁን የሚሸከም አንድ ሰውስ? እሱንም በገዛ ትከሻው ሊሸከም ነው። የሚፈልገው አስተርጓሚውን፣ ዳቦ፣ አይብ፣ ያቺን ሁልጊዜ በጨርቅ ጠቅልሎ ማዕዘን የሚያቆማትን ዱላውን ብቻ ነው። ይኸው ብሎ ደግሞ ወረቀት አወጣና መንገዱን አሳየን። ሽማግሌዬ ወረቀቱን ገልብጦም አየው። ከአንኮበር ተነስቶ ማዶ የሚደርስ አንድ ቀጭን ጭረት ነው። በዚህ በኩልማ ገደል ነው፣ ዝንጀሮም አይወርደው አለ። ፈረንጁ በጣም ደስ አለው። ገደል ሲባል ደስ የሚለው ሰው ያን ቀን ገና አየሁ።

የሽማግሌዬ ፊት አመድ መሰለ። ሰው ፊት ስሆን ባሌን አንቱ ነው የምለው፤ ያን ጊዜ ግን ጆሮው ሥር ገብቼ «አንተ፣ ይኼ ሰው ሊያስነቅለን ነው የመጣው» አልኩት።

«ታዲያ ልከልክለው?» አለኝ።

ቢከለክለው እንግዳዬን አሠርክብኝ ሊባል ነው። ቢለቀው እንግዳዬን በእግር አስኬድክብኝ ሊባል ነው። ሁለታችንም ልጓሙን አየን።

ዓርብ ጠዋት እኔ ለበሶ ገብስ እቆላ ጀመር። አይብና ዳቦ ብቻ ይበቃኛል ያለው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ከቤቴ የወጣ እንግዳ በረሃብ ጋራ ላይ ቢደፋ የሚሰደበው ማን ነው። በሶ አሰናዳሁ፣ ቋንጣ አወረድኩ፣ ለመኝታው ቁርበት ጠቀለልኩ፣ ለብርዱ ወፍራም ባና ጨመርኩ። ክምሩን ሳየው በቅሎ ቢኖርም ሁለት በቅሎ ነው የሚፈልገው።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ጎረቤቴ ወንፊት ልትዋስ መጣች። ይህቺ ጎረቤቴ ነገር አትጨምርም፣ አትቀንስም፤ ያሰበችውን አፍርጣ ነው የምትናገር። ከልጅነታችን ጀምረን ስንጣላ አብረን ያረጀን ነን። የፈረንጁን ነገር ስነግራት ወንፊቱን ታቅፋ ምድጃው አጠገብ ቁጭ አለች። አብዷል እንዴ አለች። እብድማ ሣር በወረቀት መካከል አያስተኛም አልኳት። እሱን ነው እንጂ የሚያደርገው አለችኝ።

ከዚያ ነው ነገሩ በራልኝ ብዬ የተነሳሁት። እስቲ አስቢው አልኳት። በቅሎ እያለው በእግሩ የሚሄድ ጌታ ማን ነው? ስንቁን በገዛ ትከሻው የሚሸከምስ? ሥጋና ጠጅ እያለ ደረቅ ዳቦ ይበቃኛል የሚል? በሰንበት የሚነሳ? ከዚያ ማዶ ጋራ ላይ ደግሞ ማን አለች? ማርያም አለች። እዚያ ደርሶ፣ አድሮ፣ ምንም ሳይዝ የሚመለስ ሰው ምን ሊያደርግ ነው የሚሄደው?

«ስለት» አለች ጎረቤቴ።

«ስለት» አልኩ።

ፈረንጅ ይሳላል ወይ ብላ ደግሞ ተጠራጠረች። ስለትማ ማን ይከለክላል፤ የቆላው እስላምም ልጅ ሲታመምበት ለማርያም ጧፍ ይዞ ይወጣ የለም ወይ አልኳት። ይህን በዓይኗ አይታለችና እሺ አለች። እኔም አስተርጓሚውን ጠርቼ፣ ጌታህ የተሳሉት ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ቀስ ብዬ ጠየቅኩት።

«ወላሂ እሜቴ፣ እኔን ለምንም ነው ያሉኝ» አለ።

ይኸውላችሁ። ስለት ያለበት ሰው ወዴት ነው ሲሉት ምን ብሎ ይመልሳል? ለምንም ነው ይላል። ስለት ሳይደርስ አይወራም፤ ከተወራ አይሠምርም። ፈረንጁ ለምንም ባለ ቁጥር እኔ እምነቴ ጠና።

ሽማግሌዬ ይህን ሲሰማ ተነፈሰ። ለስለት በእግሩ የሚሄድ እንግዳ ባልደረባውን አያሳፍርም፤ እንዲያውም ክብር ነው። ወዲያው ነጭ ለብሶ ግቢ ወጣና፣ እንግዳዬ ነገ ለማርያም ስለት ሊያደርስ በእግሩ ይሄዳል ብሎ አስነገረ። መልካም፣ ይሂድ ተባለ። እኔም ጎረቤቴን ለማንም እንዳትናገሪ ብዬ አስምያት ስለነበር፣ እስኪመሽ ከምንጩ እስከ ገበያው ያልሰማ ሰው አልቀረም።

ቅዳሜ ጠዋት ፈረንጁ ያሰናዳሁለትን ክምር ትቶ፣ አቁማዳውን በትከሻው፣ ዱላውን በእጁ አድርጎ ከአጥራችን ብቅ ሲል ደጃፉ በሰው ተሞልቶ ጠበቀው። ነጠላቸውን ያደገደጉ ሽማግሌዎች፣ ልጅ ያዘሉ ሴቶች፣ ዳቦ የተሸከሙ፣ ጠላ በቅል የያዙ፤ ከበሮ በአንገቱ ያንጠለጠለም ነበር። ስለተኛ ሸኝቶ በረከት የማይፈልግ ማን አለ። ፈረንጁ ሲያየን ደርቆ ቀረ። ከኋላው ሌላ ሰው ያለ መስሎት ዞር ብሎ አየ። በኋላ አስተርጓሚው እንደነገረኝ፣ ምንድን ናቸው ብሎ ጠየቀው፤ ሸኚዎች ናቸው ቢለው እስከ የት አለ፤ እስከሚደርሱበት ብሎ መለሰለት። እንዲያ ያለ ድንጋጤ ያየሁት ሳይነግሯት የዳሯት ሙሽራ ፊት ላይ ብቻ ነው።

መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ የሚወጣ ነው። የፈረንጁ አካሄድ ደግሞ እንደ ሰው አይደለም። ገደል አፋፍ ላይ ድንገት ይቆምና ቆላውን ቁልቁል ያያል። እኛም እንቆማለን። የሚጸልይ መስሎን እናማትባለን። እሱ ዘወር ሲል አገር ሁሉ ሲያማትብ ያያል፤ ይደነግጥና ፈጠን ብሎ ይሄዳል። እኛም ፈጠን እንላለን። አንድ ቦታ ሣር ሊነቅል ጎንበስ ሲል አሮጊቶቹ የተሳለመ መስሏቸው ከኋላው መሬት ሳሙ። ጎረቤቴ በጎኔ መጥታ፣ ይኼ ሰው የሚሳለመው ቅጠሉን እያማረጠ ነው አለችኝ። ዝም በይ አልኳት።

የሸለቆውን ወንዝ እንደተሻገርን ዋናው ድንጋጤ መጣ። አንድ ገበሬ የበልግ ገብሱን በእሾህ አጥሮታል፤ መንገዱ በአጥሩ ዙሪያ ነው። ፈረንጁ ዙሪያውን ትቶ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ አጥሩን ዘሎ ገብሱ ውስጥ ገባ። የሰው ማሳ ውስጥ፣ በሰንበት። ገበሬው ዱላ ይዞ ከጎጆው ወጣ። ሽማግሌዬ ሮጠ፤ ከተጋባን ጀምሮ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ፈረንጁ አንድ ዱላ ቢያርፍበት መሬታችን ከዚያ ዱላ ጋር እንደምትሄድ አውቃለሁ። እኔም ባለሁበት ቆሜ፣ ማርያምን፣ ይህ መንገድ በደህና አልቆ መሬታችን ከተረፈችልን ክንዴን የሚያህል ጧፍ አመጣልሻለሁ አልኩ። በልቤ ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ ጎረቤቴ ግን አንገቷን አዙራ አየችኝ።

ገበሬው፣ ፈረንጁ የሚሄደው ለስለት መሆኑን ሲሰማ ዱላውን ጥሎ፣ ለእኔም ይጸልዩልኝ ብሎ የፈረንጁን እጅ ሳመ። ፈረንጁም፣ አላልኳችሁም፣ መንገድ ይለቃሉ በሚል ዓይን ዞሮ አየን።

ሽቅቡን ስንያያዘው ዝናቡ ጀመረ። ያኔ ፈረንጁ የዱላውን ጨርቅ ገፈፈ፣ ጨርቁን አቁማዳው ውስጥ ከተተ፣ ዱላውን ወደ ላይ ቀሰረው። ዱላው እንደ ጥቁር አሞራ ክንፉን ዘረጋ። ለካ ጃንጥላ ነው። ያን ያህል ጊዜ ከቤቴ ማዕዘን ቆሞ፣ በጠረግኩ ቁጥር ከዚህ ወደዚያ ሳዞረው የኖርኩት ጃንጥላ ነው። ሰው ሁሉ አንጋጦ አየው። የማዶዋ ማርያም ጃንጥላዋ በነፋስ ተቀዶባት፣ ባለፈው ንግሥ ታቦቷ በዝናብ መውጣቷን የማያውቅ የለም። ቄሶቹ ጃንጥላ የሚሰጥ ምእመን እንዲመጣላቸው ሲለምኑ ነው የከረሙት። ይኸው ሰውዬው ስለቱን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ከእኛ እንኳ ደብቆ አምጥቶታል። ሴቶቹ እያለቀሱ እልል አሉ። እኔም አለቀስኩ፤ አልዋሽም።

ደጀ ሰላሙ ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ገብቷል። የቤተ ክርስቲያኑን ንዋይ የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ከበሮና ጸናጽል አሰልፈው ቆመዋል። ፈረንጁ ጫማዎን ያውልቁ ተባለ። እሺ አለ። የጫማው ክር ግን ብዙ ነው፣ በአንድ እጅ አይፈታም። ግራ ቀኝ አየና፣ አጠገቡ ለቆሙት ለቄሰ ገበዙ፣ እስቲ ይያዙልኝ በሚል አኳኋን ጃንጥላውን ዘረጋላቸው። ደግሞ ሰው አክባሪ ነውና በሁለት እጁ ነው የዘረጋው።

በሁለት እጅ የተሰጠ ነገር ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ቄሰ ገበዙም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከበሮው ተመታ። ፈረንጁ አንድ ጫማውን አውልቆ ቀና ሲል፣ ጃንጥላው በእልልታ ታጅቦ ወደ ውስጥ እየገባ ነበር።

አንድ እግሩ ጫማ አንድ እግሩ ባዶ ሆኖ አስተርጓሚውን አየው። አስተርጓሚው መሬት መሬት ያያል። ከዚያ በዓረብኛ ቀስ ብለው ይነጋገሩ ጀመር። ፈረንጁ ድሮም ቀይ ነው፤ እየቆየ ይበልጥ ቀላ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስለት የለበትም። ከመጀመሪያው እውነቱን ነው የነገረን፤ ለምንም ነበር የሚሄደው። ሽማግሌዬ ግቢ ድረስ ወጥቶ ስለት ነው ብሏል። ይህ ሰው አሁን ዕቃዬን ቀሙኝ ቢል፣ ባሌ እንግዳ በእግር ያስኬደ፣ ግቢን የዋሸ፣ እንግዳ ያዘረፈ ሊሆን ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ብቻውን መሬት ያስነቅላል።

ፈረንጁ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ስለቱ የማን ነው ይላሉ» አለ አስተርጓሚው።

ሽማግሌዬ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሥሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። መቼም እኔ ሳይጠሩኝ አቤት ባይ ነኝ።

«የእርስዎ መስሎን ነበር» አልኩ። «ለምንም የሚሄድ ሰው አይተን ስለማናውቅ ነው። አሁን ግን ጣጣው የእኛ ሆነ። እንግዳው በእግሩ የሄደበት ባልደረባ መሬቱን ይነቀላል። መሬታችን በእርስዎ እግር ላይ ናት።»

አስተርጓሚው ምንም ሳያስቀር አደረሰለት፤ ይህን ከፈረንጁ ፊት አወቅሁ። ፈረንጁ ሰዉን አየ። ዝናቡ ከነጠላቸው የሚንጠባጠብባቸውን አሮጊቶች አየ፣ ሽማግሌዬን አየ፣ እኔንም አየኝ፤ እኔ ዓይኔን ሰበርኩ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አቁማዳውን ፈታ። ያቺን የጃንጥላውን ጨርቅ አወጣ። ውኃዋን ጨምቆ አጣጠፋትና ለቄሰ ገበዙ ዘረጋላቸው። ልብሱንም ውሰዱለት ማለቱ ነው።

አሁንም በሁለት እጁ።

ያን ዕለት ቄሰ ገበዙ ቤት አደርን። ጠዋት ፈረንጁ እንደ አገሩ ልማድ መደቡ ላይ ብር ትቶ ወጣ። የቄሱ ሚስት፣ ጌቶች ረስተውት ሄዱ ብላ እየሮጠች መንገድ ላይ ደረሰችብን። ተቀበላትና ጥቂት ቆሞ ደጋግሞ አያት። ስንመለስ ዝናቡ ከወንዙ እስከ ቤታችን አልለቀቀንም። ሽማግሌዬ በርኖሱን አውልቆ አለበሰው፤ ፈረንጁ ጥቁር በርኖስ ደርቦ ከኋላ ሲያዩት የገዳም መነኩሴ መሰለ። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረም። የሚቆጣ ሰው ይሻላል፤ ዝም ያለውን ምን ብለው ይለምኑታል። ጨርቁን ለቄሱ በሰው ፊት ሰጠ፤ ግቢ ገብቶ ምን እንደሚል ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ሰኞ ፈረንጁንና ሽማግሌዬን ግቢ ጠራቸው። ሽማግሌዬ ሲወጣ አላየኝም። እኔም አጥራችን ሥር ቆሜ ወደ ጋራው አንጋጥጬ ዋልኩ፤ ጉሙ ሸፍኖት አንድ ነገር አይታይም። ዞሮ ዞሮ ከቤት ይላሉ፤ ፈረንጁ ዞሮ ዞሮ ቤት ገባ፤ እኛ የምንገባበት እንዳናጣ ስል ከራሴ ጋር እከራከራለሁ።

ከቀትር በኋላ ሽማግሌዬ መጣ። መደቡ ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋ። ውኃ ሰጠሁት። ከጠጣ በኋላ ነው የነገረኝ። ንጉሡ ፈረንጁን፣ እውነት በእግርህ ሄድክ ወይ ብለው ጠየቁት። አዎ አለ። በቅሎ ነፍገውህ ነው? አይደለም፤ ሰጥተውኝ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩ አለ። ስለት ነበረብህ ወይ ተባለ። እዚህ ላይ ሽማግሌዬ ዓይኑን ጨፈነ፤ ምን እንደሚመጣ ላለማየት ነው፤ የሚመጣው በጆሮ መሆኑን ረስቶታል።

ፈረንጁም «ስወጣ ለምንም ነበር የወጣሁት፤ ስመለስ ግን ስለት አድርሼ ነው የተመለስኩት» አለ።

ንጉሡ ሳቁ አለኝ። ባልደረባህ ተመስግኗል፣ መሬቱም ይጽናለት ተባለ። እኔ እልል ልል ስል ሽማግሌዬ ቆይ፣ አላለቀም አለኝ። ይህ እንግዳ መሄድ የሚወድ ከሆነ እንዳያዝን ይሂድ፤ ባልደረባውም ብቻውን አይተወውም፣ ከእንግዲህ በወጣ ቁጥር በእግሩ ይከተለዋል ተብሎ ታዘዘ። ዞር ብዬ ደጃፉን አየሁ። ፈረንጁ የሽማግሌዬን በርኖስ እንደለበሰ ቁጭ ብሎ፣ ወረቀት ጉልበቱ ላይ አድርጎ አዲስ ጭረት ይስላል። ወዴት ነው ብዬ አስተርጓሚውን ጠየቅኩት። ደብረ ብርሃን ነው አለኝ። ሽማግሌዬ ጉልበቱን ማሸት የጀመረው ከዚያች ሰዓት ነው።

በነጋታው ጎረቤቴ ወንፊቱን ልትመልስ መጣች። ነገሩን ሁሉ ሰምታ ኖሯል። እኔም መሬታችን በመትረፏ ደስ ብሎኝ፣ አየሽ፣ ያ ሁሉ ድንጋጤ እንዴት እንዳማረ አልኳት። ወንፊቱን አቀበለችኝና አንዴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንቺ ተሳልሽ፣ ፈረንጁ ከፈለ» አለች። «ያንቺ ጧፍ የታለ?»